ለስኳር ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ስኳር ላለበት ሰው ይጠቅማል?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ዳንግላ፣ ስኳር ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ከሐኪሙ መድኃኒት ጎን ሌላ ነገር አይጠፋም። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው የቫይታሚን ጠርሙስ፣ ከገበያ የተገዛ የሽፈራው ቅጠል፣ ሌሊቱን የተዘፈዘፈ አብሽ፣ የተፈጨ ጥቁር አዝሙድ፣ ቀረፋ የበዛበት ሻይ። ሁሉም «ለስኳር ጥሩ ነው» ተብሎ የመጣ ነው፤ ያመጣውም ሰው ለወገኑ አስቦ ነው። ግን ከነዚህ ውስጥ በእርግጥ የሚረዳው፣ ኪስ ብቻ የሚያራቁተውና ጉዳት የሚያመጣው ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል። ደግሞም ማንም ለዘመዱ የማይልከው፣ እኛ አገር ግን ብዙ የስኳር ሕመምተኛ ሊያጣው የሚችል አንድ ቫይታሚን አለ። እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

መጀመሪያ ስለ ስኳሩ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች ወይም በቆሎ ስንበላ ኃይል ሰጪው ክፍል አንጀት ውስጥ ይሰባበርና ግሉኮስ ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ያን ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል። ኢንሱሊን ሁለት ሥራ አለው፤ ጡንቻና ስብ ስኳሩን ከደም እንዲወስዱ ያደርጋል፣ ጉበት ደግሞ የራሱን ስኳር ማምረቱን እንዲቀንስ ያደርጋል። ጉበት ስኳር እንደሚያመርት ብዙ ሰው አያውቅም። «ማታ ምንም ሳልቀምስ አድሬ ጠዋት ስኳሬ 180 ሆነ፣ ከየት መጣ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እሱ ነው። አብዛኛው አዋቂ የሚይዘው ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሲሆን፣ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል፤ ቆሽትም ውሎ አድሮ ይደክማል። በአንደኛው ዓይነት ግን ኢንሱሊን የሚያመርቱት የቆሽት ክፍሎች ስለጠፉ ኢንሱሊኑ ራሱ የለም ማለት ይቻላል።

ሌሊቱን ሳይበሉ አድረው ጠዋት ሲለካ ከ100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ126 ጀምሮ፣ በሌላ ቀን ተለክቶም ከተረጋገጠ፣ ስኳር በሽታ ይባላል። በመካከል ያለው የማስጠንቀቂያ ደረጃ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ደረጃ የሚጀምረው ከ110 ነው፣ የአሜሪካኖቹ መመሪያ ደግሞ ከ100። ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳየው ምርመራም አለ፤ በእሱ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ስኳር ነው።

ወደ ሌላው ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ውስጥ ስኳር የሚይዘው ወፍራም ከተሜን ብቻ አይደለም። ጎንደር ላይ የሠሩ ሐኪሞች ለዓመታት እንደጻፉት፣ ቀጭን፣ ወጣት፣ በምግብ እጥረት ያደገ፣ ኢንሱሊን ካልተወጋ የማይሆንለት ገበሬ ብዙ ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ እውቅና የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወይም አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ልጅ ኢንሱሊኑን ትቶ ወደ ቅጠል ወይም ወደ ጸበል ብቻ ከሄደ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከዚህ በታች የምጽፈው አንዱም ነገር ኢንሱሊንን አይተካም።

ጠርሙሱ ጀርባ ላይ የተጻፈው

ከውጭ የሚመጡት ጠርሙሶች ፊታቸው ላይ «የደም ስኳርን የሚደግፍ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አላቸው። መነበብ ያለበት ግን በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው ጀርባው ነው። ብዙውን ጊዜ የምታገኙት ይህን ነው፦ ክሮሚየም 200 ማይክሮ ግራም፣ ቀረፋ ከጥቂት መቶ እስከ 500 ሚሊ ግራም፣ ትንሽ ማግኒዥየም፣ ትንሽ ዚንክ፣ ከዚያም መጠናቸው ለየብቻ ያልተጻፈ የቅጠላ ቅጠል ድብልቅ። ቀረፋውን እንውሰድ። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ ሁለት ግራም ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ 500 ሚሊ ግራም ማለት የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ነው። ቀረፋ ስኳር ይቀንስ እንደሆነ የተፈተነባቸው ጥናቶች ግን አብዛኞቹ በቀን ከ1 እስከ 6 ግራም ሰጥተው ነው ያዩት፤ ያም ሆኖ ውጤቱ አንዱ ከሌላው የማይስማማ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ተቋም ግምገማ 10 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ቀረፋን ለስኳር ሕክምና ለመምከር የሚያበቃ ማስረጃ የለም ብሏል። በዚያ ላይ ገበያ ላይ የሚበዛው የካሲያ ቀረፋ ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው፣ በየቀኑ በማንኪያ ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ሻይ ውስጥ ለጣዕም ጣል የሚደረገው ቀረፋ ምንም አይልም፤ በሻዩ ውስጥ የሚገባው ስኳር ነው የሚያሳስበኝ።

ክሮሚየም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 በደም ሥር ብቻ ለረጅም ጊዜ ትመገብ የነበረች አንዲት ሕመምተኛ ስኳሯ አልስተካከል ብሎ ክሮሚየም ሲሰጣት ተሻላት። ከዚያ ወዲህ ክሮሚየም የስኳር ማዕድን ተብሎ ተሸጠ። ችግሩ፣ ምግብ በአፉ የሚበላ ሰው ክሮሚየም ሲያጥረው እምብዛም አይታይም፤ የሚበቃውም በቀን ከ25 እስከ 35 ማይክሮ ግራም ያህል ነው። በሌሎች ሕመምተኞች ላይ የተደረጉት ጥናቶች አጥጋቢ ሆነው አልተገኙም።

ቫይታሚን ዲም ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የወጣ የአሜሪካ ጥናት በማስጠንቀቂያ ደረጃ ላይ ያሉ 2,423 ሰዎችን ይዞ፣ ለግማሾቹ በየቀኑ 4,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ፣ ለግማሾቹ ባዶ ኪኒን እየሰጠ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ተከታተላቸው። ወደ ስኳር በሽታ የተሻገሩት ሰዎች ቁጥር በእርግጠኝነት ልዩነት አለው የሚያሰኝ አልነበረም። ቫይታሚን ዲ በምርመራ ያጠረው ሰው ለአጥንቱ ሲል ይውሰድ፤ ለስኳር ብሎ ግን አይግዛው።

ማግኒዥየም ከነዚህ ሁሉ የተሻለ ነገር አለው። ማግኒዥየም ያነሰው ሰው ሰውነቱ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይቀንሳል፤ ስኳሩ የበዛበት ሰው ደግሞ በሽንቱ ብዙ ማግኒዥየም ስለሚያጣ ጉድለቱ እየባሰ ይሄዳል። ስለዚህ በደም ምርመራ ጉድለት ለተገኘበት ሰው መተካቱ ትርጉም አለው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ማግኒዥየም በኪኒን መውሰድ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ትርፉን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ስኳር ደግሞ ኩላሊትን የሚያደክም በሽታ ነውና ሳይመረመሩ መጀመር አይገባም።

ዚንክን በተመለከተ፣ ቆሽት ኢንሱሊንን የሚያከማቸው ከዚንክ ጋር አያይዞ ነው። ከዚያ ተነስቶ «ዚንክ ስኳር ያድናል» ማለት ግን በጣም ሩቅ መዝለል ነው።

የጎጃም ገበሬ ይህን ነገር ከመሬቱ ያውቀዋል። አፈሩ አሲዳማ የሆነበት የአዊ ወይም የጎዛምን ማሳ የሚፈልገው ኖራ ሆኖ ሳለ ማዳበሪያ ቢደራረብበት ምርቱ አይጨምርም፣ ገንዘቡ ግን ይሄዳል። የጎደለው ነገር ተመርምሮ ሲታወቅ የሚሰጥ ማዕድንና ቫይታሚን ይሠራል፤ ባልጎደለበት ላይ የሚጨመረው አይሠራም።

መሶቡ ላይ ያለው

አሁን ወደ ራሳችን ምግብ ልምጣ፤ ለእኔ ከጠርሙሱ ይልቅ የሚያጓጓው ይህ ነው። 100 ግራም ጥሬ ጤፍ ውስጥ 184 ሚሊ ግራም ያህል ማግኒዥየምና 8 ግራም ያህል አሰር (አንጀት የማይፈጨው የምግብ ክፍል) አለ። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ማግኒዥየም ከ310 እስከ 420 ሚሊ ግራም ነው። ጤፍ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ልጣጩ ሳይነሳ ሙሉውን ይፈጫል፤ ከፊኖ ዱቄት የሚለየው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ይህ ማለት ግን «ጤፍ ስለሆነ ስኳር አይጨምርም» ማለት አይደለም። ጤፍ እህል ነው፣ አብዛኛው ኃይል ሰጪ ነው። ሦስት እንጀራ በትንሽ ወጥ የበላ ሰው ስኳሩ ይወጣል፣ ጤፉ ማኛም ይሁን ሠርገኛ። ስለዚህ ሕመምተኛ ላለበት ቤት እኔ የምመክረው የእንጀራውን ዓይነት ከመቀየር ይልቅ መጠኑን መቀየር ነው፤ እንጀራው ይቀንስ፣ ምስሩ፣ ክኩና ጎመኑ ይጨመር።

ከሁሉ በላይ ያልተነገረለት የጎጃም ምግብ ግብጦ ነው። አዊና ምዕራብ ጎጃም እንደ ልብ ያበቅሉታል፣ ሰው ግን የድሃ እህልና የአረቄ እህል አድርጎ ያየዋል። 100 ግራም ጥሬ ግብጦ 36 ግራም ያህል ፕሮቲንና 19 ግራም ያህል አሰር አለው፤ ስታርች፣ ማለትም አንጀት ውስጥ ግሉኮስ የሚሆነው ክፍል፣ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ይህን ከበቆሎ ወይም ከድንች ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ተመራማሪዎች የግብጦን አንድ ፕሮቲን ከደም ስኳር ጋር አያይዘው ሲያጠኑት ቆይተዋል፤ እኔ ግን መድኃኒት ነው አልልም፣ ቆሎ ሆኖ በበሶና በዳቦ ቦታ ሲበላ ስኳር የማያስወነጭፍ ምግብ ነው እላለሁ። አዘገጃጀቱ ላይ ግን ቀልድ የለም። ግብጦ መራራ የሚያደርገው አልካሎይድ መርዝ ነው። እናቶቻችን ቆልተው ወይም ቀቅለው፣ ልጣጩን አንስተው፣ በጆንያ አስረው ወንዝ ውስጥ ወይም ውሃውን ደጋግመው እየቀየሩ በገንቦ ውስጥ ለቀናት የሚያቆዩት ምሬቱ እስኪወጣ ነው። ተቀምሶ ምሬት ካለው አልደረሰም። ምሬቱ ያልወጣለት ግብጦ አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያጭበረብራል፣ ልብ ያስመታል። «መራራ ስለሆነ ለስኳር ይሆናል» ብሎ ጥሬውን ፈጭቶ የሚጠጣ ሰው ራሱን እየመረዘ ነው። መራራ ነገር ጣፋጭን ይገድላል የሚለው አስተሳሰብ ከግብጦም አልፎ በእሬትና በግራዋ ላይ ብዙ ሰው አሳስቷል።

አብሽ የሚሠራበት መንገድ ግልጽ ነው። ፍሬው ሩብ ያህሉ አሰር ነው፤ ውሃ ሲነካው የሚያዝለገልገውም ይኸው አሰር ነው። አንጀት ውስጥ ምግቡን ስለሚያወፍረው ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ይሆናል። ትናንሽ ጥናቶች የጠዋት ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ ጥናቶቹ ጥራታቸው ብዙ ባይሆንም ነገሩ ከቀረፋ የተሻለ መሠረት አለው። ግን ሲመታ አረፋ እንዲያወጣና እንዲጣፍጥ ተብሎ ማር ወይም ስኳር ከተጨመረበት ድካሙ ከንቱ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚባለውን ስኳር የሚቀንስ ኪኒን የሚወስድ ሰው አብሽን በብዛት ሲጀምር ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድበት ስለሚችል እየለካ ይሁን። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውና ነፍሰ ጡር ከወጥ ቅመም ያለፈ አብሽ አይውሰዱ። መድኃኒትም ከአብሽ ጋር አብሮ አይዋጥ፣ ልዩነት ይሰጠው። ተልባም በአሰር የበለጸገ ነውና ተመሳሳይ ነገር ይሠራል፤ የጾም ወቅት ተልባ ያለ ስኳር ቢጠጣ ደስ ይለኛል።

ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድ ላይ ብዙ አልልም። ሁለቱም በትናንሽ ጥናቶች ተስፋ አሳይተዋል፣ ምን ያህል፣ ለስንት ጊዜ፣ ለማን የሚለው ገና አልጠራም። እንደ ምግብ መብላቱ ክፋት የለውም።

ማርን ግን ማለፍ አልችልም፣ አገሩ ጎጃም ነውና። «ማር ስኳር አይደለም፣ መድኃኒት ነው» የሚለው አባባል በየቤቱ አለ። ማር ከአምስት እጅ አራት እጁ ያህል ስኳር ነው፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ይህም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ነጭ ማርም ይሁን ቀይ፣ ከቀፎ የወጣም ይሁን ከሱቅ፣ ለደም ስኳር ያው ነው።

ማንም የማይልከው ቫይታሚን

ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ መጀመሪያ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ሜትፎርሚን ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ መነሻውም ዕፅ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ለስኳር ይወሰድ የነበረ ጋሌጋ የሚባል ተክል። ተክሉ ራሱ መርዛማ ስለነበር ኬሚስቶች ጠቃሚውን መልክ ሠርተው አወጡት። ሐኪሞች የባህል መድኃኒትን አይወዱም የሚል ሰው ይህን ይወቅ።

ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ግን አንጀት ቫይታሚን ቢ12ን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። መጠኑ ሲጨምርና ዓመቱ ሲረዝም ችግሩ ይጨምራል። ቢ12 ደግሞ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፤ ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት። ከሽሮ፣ ከጎመንና ከምስር አይገኝም፤ እርሾ ያለው እንጀራም ይሰጠናል ብሎ መተማመን አይቻልም። አሁን የጎጃምን ኦርቶዶክሳዊ አስቡ። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፤ ሲደመር ለምእመን በዓመት 180 ያህል ቀን፣ ለካህናት ደግሞ 250 ያህል። ዓሣም በጾም የሚበላ አለ፣ የማይበላም አለ። በፍስኩም ቢሆን ሥጋና እንቁላል በየቀኑ የሚያገኝ ገጠሬ ጥቂት ነው። ሜትፎርሚኑና ጾሙ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ ጉበት ውስጥ ለዓመታት የተከማቸው ቢ12 ቀስ በቀስ ያልቃል።

የሚያሳዝነው ምልክቱ ከስኳሩ ጉዳት ጋር መመሳሰሉ ነው። እግር ይደነዝዛል፣ ጣት ጫፍ ላይ ይወጋጋል፣ ሲራመዱ ሚዛን ይጠፋል፣ ምላስ ይላጣል፣ ድካም ይበዛል፣ ይረሳሉ። ሰውየውም ሐኪሙም «ስኳሩ ነርቭ ነክቶ ነው» ብለው ይተዉታል። የስኳሩ የነርቭ ጉዳት ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ አይመለስም፤ የቢ12 ጉድለት ያመጣው ግን ቶሎ ከተደረሰበት ሊድን ይችላል። ደም ማነስ የለውም ብሎ መዘናጋትም አይገባም፤ ጎመንና ጥራጥሬ የበዛበት ምግብ ፎሌት በሚባል ሌላ ቫይታሚን የበለጸገ ስለሆነ ደም ማነሱን ሊሸፍነው ይችላል፣ ነርቩ ግን መጎዳቱን ይቀጥላል።

ስለዚህ ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው፣ በተለይ የሚጾምና እግሩ የሚደነዝዝ፣ «ዶክተር፣ የቢ12 ምርመራ ይታዘዝልኝ» ብሎ ይጠይቅ። ምርመራው በየቦታው አይገኝም፤ ሲጠፋ ሐኪሙ በምልክቱ ብቻ ተነስቶ ሊሰጥ ይችላል። መድኃኒቱ በመርፌም በሚዋጥም አለ። ሜትፎርሚኑን ግን በዚህ ምክንያት በራስ ማቆም አይገባም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ከመድኃኒት ቤት «የነርቭ ቫይታሚን» ተብለው የሚሸጡት ድብልቆች ቢ6ም አላቸው፤ ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ እግር ያደነዝዛል። ሐኪም ካላዘዘ ለወራት አይቀጠል።

አደጋው የተደበቀበት

«ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚለውን እፈራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲንጋፖር ውስጥ ስኳር በሽታ የሌለባቸው 150 ያህል ሰዎች ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ወርዶ ሆስፒታል ገቡ። ሲጣራ የወሲብ ኃይል ይጨምራል ተብሎ የሚሸጥ ነገር ወስደው ነበር፣ ውስጡ ግን ግሊበንክላማይድ ተደባልቆበታል። አራቱ ሞቱ። «ለስኳር» ተብለው በሚሸጡ ዱቄቶች ውስጥም ይኸው መድኃኒት በተለያዩ አገሮች ተገኝቷል። አንድ ዱቄት በሁለት ቀን ስኳሬን ከ300 ወደ 90 አወረደው ከተባለ መደሰት ሳይሆን መጠርጠር ይገባል።

ሌሎችም አሉ። ቢ3 ወይም ናያሲን በከፍተኛ መጠን ስኳርን ይጨምራል። ብዙ ቫይታሚን ሲ በአንዳንድ የቤት መለኪያዎች ላይ የተሳሳተ ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል፤ ሰውየውም ያንን አይቶ ኢንሱሊን ይጨምራል። ለዚህ ነው ክትትል ሲኬድ ጠርሙሱም፣ ቅጠሉም፣ ዱቄቱም በፌስታል ተይዞ መሄድ ያለበት። «ይቆጡኛል» ብሎ መደበቅ ይቅር።

እነዚህ ጠርሙሶች ሁሉ ተደምረው የማይደርሱበትን ደግሞ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ጥናት በማስጠንቀቂያ ደረጃ ያሉ 3,234 ሰዎችን አየ። ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተደገፉት ወደ ስኳር የመሻገር ዕድላቸው 58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የወሰዱት 31 በመቶ። ከምግብ በኋላ እንኳ ትንሽ መራመድ ይጠቅማል፤ የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳር ይወስዳልና። ቀጭን ለሆነው የገጠር ሕመምተኛ ግን «ክብደት ቀንስ» የሚለው ምክር አይሠራም፤ እሱ በደንብ መብላት ነው ያለበት።

የመጨረሻው የጾሙ ሰዓት ነው። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም ስኳሩ አደገኛ ዝቅታ ላይ የመድረስ ዕድሉ ትንሽ ነው። ግሊበንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ጠዋት መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበላ ከዋለ ሊወድቅ ይችላል። ከሁዳዴ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ፈቃድ አላት፣ ሐኪሙም ሰዓቱንና መጠኑን ማስተካከል ይችላል። በባዶ ሆድ አረቄ የሚቀምስ ከሆነ አደጋው ይብሳል፣ አልኮል ጉበት ስኳር እንዳያመርት ስለሚያግደው።

ላብ ላብ ካለው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ከተቁነጠነጠ ወይም ንግግሩ ከተምታታ፣ ከተቻለ ወዲያው ይለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ ወይም መለኪያ ከሌለ ጾም ነው ሳይባል ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ይላስ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገም፣ ከተሻለው በኋላም ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመር፤ በጎኑ ተኝቶ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።